«ቢዚ» ብቻ ይበቃል፦ የሥራ ካላንደሬን ሼር ሳደርግ የተማርኩት

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ነው። ሻይ ሰዓት ላይ አንዲት የፋይናንስ ክፍል ባልደረባችን ክንዴን ያዝ አድርገው ወደ ኮሪደሩ ጥግ ወሰዱኝ። በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ አይዞሽ። እኔም የመጀመሪያዬን ያገኘሁት በተጋባን በስምንተኛው ዓመት ነው። ሕክምናውን ተከታተይ፣ ጸበሉንም አትተዪ» አሉኝ። ጉንጬን ሳም አድርገውኝ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ልጅ ለማግኘት ሕክምና መጀመሬን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ባለቤቴና ታላቅ እህቴ። ለእናቴ እንኳ ገና አልነገርኳትም። እኚህ ሴት ከማን ሰሙ? መጀመሪያ ባለቤቴን ጠረጠርኩ። ቀጥሎ እህቴን። ክሊኒኩ በር ላይ የሚያውቀኝ ሰው አይቶኝ ይሆን ብዬም አሰብኩ።

ወንበሬ ላይ ስመለስ ኮምፒውተሬ ላይ ካላንደሬ እንደተከፈተ ነበር። ማክሰኞ ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ በገዛ እጄ የጻፍኩት ቁጭ ብሏል። «አልትራሳውንድ፣ የመካንነት ክሊኒክ፣ ካርድ እንዳይረሳ» ይላል። ከሥሩ የመርፌዎቹ ስምና መጠን አለ። የሐኪሙ ስልክም አለ። እኚያ ሴት የወር መዝጊያ ስብሰባ ለመያዝ ፈልገው ካላንደሬን ከፍተዋል። የተጻፈውን አነበቡ። ማንም አልነገራቸውም፤ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

ይህን የምጽፈው ስሜን ሳልጠቅስ ነው። የምጽፈውም ከዚያ ቀን በኋላ ስንት ሰው ካላንደሩን እንደ እኔ ከፍቶ እንደሚሠራ ስላየሁ ነው። ብዙዎቹ አያውቁትም።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ነው። ወደ 40 ሰው እንሆናለን። ከዚያ ጥቅምት በፊት በነበረው ክረምት ላይ አንዲት የአንድ ሰዓት ስብሰባ ለመያዝ አሥራ ምናምን ኢሜይል ተላላክን። አንዱ ፊልድ ነው፣ ሌላው ለጋሽ ድርጅት ጋ ነው፣ ሌላው ፈቃድ ላይ ነው። አለቃችን በመጨረሻ፣ «ሁላችሁም ካላንደራችሁን ሼር አድርጉ፤ ማን መቼ እንዳለ እንይ» አለን።

ይህ ጥያቄ ልክ ነበር። አሁንም ልክ ነው እላለሁ። ካላንደር ሼር ማድረግ ከጀመርን ወዲህ የመኪና ድልድሉ ራሱ ቀለለ። «ነገ 4 ሰዓት ላይ አለሽ ወይ» የሚል ስልክ ቀረ። ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ተነስቶ «ካላንደሬን ለማንም አላሳይም» የሚል ሰው እንዲኖር አልፈልግም። አብሮ መሥራት ይህን ይጠይቃል። የእኔ ስህተት ሌላ ቦታ ነው። አለቃችን የጠየቀን መቼ እንዳለንና መቼ እንደሌለን ነበር። እኔ ያሳየሁት ግን መቼ እንደሌለሁ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሌለሁም ጭምር ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ድርጅታችን ጉግል ካላንደር ይጠቀማል። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ ካላንደሬ ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ እንዲታይ የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት አደረግኩበት። ከጎኑ ሁለት ምርጫ ነበረ። አንዱ «ሲ ኦንሊ ፍሪ/ቢዚ» የሚል ነው፤ ሰው የሚያየው ሥራ ላይ መሆኔን ወይም ነፃ መሆኔን ብቻ ነው። ሌላው «ሲ ኦል ኢቨንት ዲቴይልስ» ነው፤ ሁሉንም ያሳያል፤ ርዕሱን፣ ቦታውን፣ ማብራሪያውን፣ የተጋበዙትን ሰዎች። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። ያኔ ካላንደሬ ላይ ከስብሰባ በቀር ምንም አልነበረም። የምደብቀው ነገር የለኝም ብዬ ነው የመረጥኩት። ሕክምናው የተጀመረው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሴቲንጉን ማን ያስታውሰዋል?

ሌላም ምክንያት አለ፤ ብዙዎቻችንን ይነካል ብዬ ስለማስብ ላስረዳው። የክሊኒኩ የቀጠሮ ካርድ በእኛ ቀንና በእኛ ሰዓት ነው የሚጻፈው። ካላንደሩ ደግሞ በፈረንጆቹ ነው። ጥቅምት 12፣ 2 ሰዓት የተባለውን ኦክቶበር 22፣ ስምንት ኤ.ኤም. ብዬ መገልበጥ አለብኝ። አይ ቪ ኤፍ (ፅንሱ ከማህፀን ውጭ የሚዘጋጅበት ሕክምና) ላይ ያለች ሴት ቀንና ሰዓት ብትስት ብዙ ነገር ይበላሻል። መርፌው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ነው። አልትራሳውንዱ በየጥቂት ቀኑ ነው። አንድ ነገር እንዳያመልጠኝ ስል ካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ ገለበጥኩ። የሥራ ካላንደሬ ላይ የገለበጥኩት ቀኑን ሙሉ የሚከፈተው እሱ ስለሆነ ነው። ስልኬም ላይ የሚጮኸው እሱ ነው።

የዚያን ቀን ማታ ከባለቤቴ ጋር ላፕቶፑን ይዘን ተቀመጥን። ባለቤቴን ስለጠረጠርኩት ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያ አንድ በአንድ ሄድንበት። የቆምንበትን ሁሉ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ያደረግነው ዋናውን በር መዝጋት ነው። ጉግል ካላንደርን በኮምፒውተር ከፍታችሁ በስተግራ ካላንደሮቻችሁ የተዘረዘሩበት ቦታ አለ። ስማችሁ ላይ አይጡን ስታደርጉ ሦስት ነጥብ ይወጣል። እሱን ተጭናችሁ ወደ ሴቲንግ ግቡ። እዚያ ውስጥ «አክሰስ ፐርሚሽን» የሚል ክፍል ታገኛላችሁ። ለድርጅታችሁ ሰው በሚለው ሳጥን ጎን ያለውን ምርጫ ወደ «ሲ ኦንሊ ፍሪ/ቢዚ» ቀይሩት። በቃ። ይህ ከዛሬ በኋላ ያለውን ብቻ ሳይሆን ያለፈውንም ይሸፍናል። ያለፉት ሁለት ወራት ቀጠሮዎቼም ባዶ ሳጥን ሆኑ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እዚያው አጠገብ «ሜክ አቬይለብል ቱ ፐብሊክ» የሚል ሌላ ሳጥን አለ። እሱ ለዓለም ሁሉ ነው። ምልክት ካለበት አንሱት።

እኔ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም።

ከዚያው ክፍል ዝቅ ሲል በግል ሼር ያደረጋችሁላቸው ሰዎች ዝርዝር አለ። ለድርጅቱ በሙሉ የምትሰጡት ፈቃድና ለእነዚህ ሰዎች የሰጣችሁት ፈቃድ ለየብቻ ነው። የላዩን ብትዘጉ የታቹ አይዘጋም። እኔ ጋ አምስት ስም ወጣ። አንዷ ከዓመት በፊት ለአንድ ፕሮጀክት አብረን የሠራን አማካሪ ናት። ሥራው አልቋል፣ እሷም ሄዳለች፤ ካላንደሬን ግን እስከዚያ ማታ ድረስ ሙሉውን ማየት ትችል ነበር። አጠፋኋት። ሌሎቹን ሦስቱን ወደ ፍሪ/ቢዚ ዝቅ አደረግኳቸው።

አምስተኛው የአስተዳደር ረዳታችን ነው። ስብሰባ የሚይዝልኝ፣ የሚያራዝምልኝ እሱ ነው። ስለዚህ ካላንደሬ ላይ የመጻፍና የመለወጥ ፈቃድ አለው። እሱን ዝቅ ካደረግኩት ሥራው ይቆማል። ባለቤቴ፣ «ታዲያ የሕክምና ቀጠሮዎቹን ብቻ ፕራይቬት አድርጊያቸው» አለኝ። እያንዳንዱን ቀጠሮ ስትከፍቱ «ዲፎልት ቪዚቢሊቲ» የሚል ምርጫ አለ፤ እሱን ወደ «ፕራይቬት» መቀየር ይቻላል። አንድ በአንድ ቀየርኳቸው። ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ረዳታችንን ጠርቼ፣ «እስቲ በአንተ ኮምፒውተር ካላንደሬን ክፈትልኝ» አልኩት። ከፈተው። ሁሉም ነገር ይታያል። ፕራይቬት ያደረግኳቸው ቀጠሮዎች ሁሉ ሙሉ ርዕሳቸው እንዳለ ነው። ትንሽ የቁልፍ ምልክት ብቻ አጠገባቸው ተጨምሯል።

ይህን በደንብ ያዙልኝ። ጉግል ካላንደር ላይ «ፕራይቬት» ማለት ከሚያዩ ሰዎች የተደበቀ ማለት ነው። ካላንደሩን የመለወጥ ፈቃድ ካለው ሰው አይደበቅም። እንኳን ፍሪ/ቢዚ የሚያየው፣ ሁሉንም ዝርዝር እንዲያይ የተፈቀደለት ሰው እንኳ ፕራይቬት የሆነውን «ቢዚ» ብሎ ብቻ ነው የሚያየው። መጻፍ የሚችለው ግን ሁሉን ያያል። ካልሞከርኩት በቀር አላውቀውም ነበር።

ረዳታችን ወጣት ልጅ ነው። አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ «እህቴ፣ እኔ ካየሁት ቆየሁ። ስብሰባ እንዳይደራረብብሽ የማክሰኞና የዓርብ ጠዋትን ለማንም አልሰጥም ነበር። ልነግርሽ ፈልጌ አፈርኩ» አለኝ። ለሳምንታት ቀጠሮዬን ሲጠብቅልኝ ኖሯል። ለማንም አልተነፈሰም። ይህን ልጅ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ግን ሁሉም ሰው የእሱ ዓይነት አይደለም፤ ምስጢርን በሰው ጨዋነት ላይ ብቻ ማስቀመጥም አይገባም።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ቀየርኩት። አሁን የምሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ።

እውነተኛው ቀጠሮ የሚጻፈው በግል ጂሜይሌ ካላንደር ላይ ነው። ክሊኒኩ፣ መርፌው፣ ስልኩ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ያንን ካላንደር የማየት ፈቃድ ያለው ባለቤቴ ብቻ ነው። ስልኬ ላይ ሁለቱም አካውንት ስላለ ሁለቱም ካላንደር በአንድ ገጽ፣ በተለያየ ቀለም ይታየኛል። የሥራ ካላንደሬ ላይ ደግሞ ያንኑ ሰዓት የሚይዝ ባዶ ሳጥን አስቀምጣለሁ። ርዕሱ «ተይዟል» ነው። ሌላ ቃል የለበትም። ቦታ የለበትም፣ ማብራሪያ የለበትም። ረዳታችንም ሆነ ማንም ቢከፍተው የሚያገኘው ያንኑ ነው። ያልተጻፈ ነገር አይነበብም።

ሁለት ጊዜ መጻፍ ይሰለቻል፤ አልክድም። ሳጥኑን እንድረሳ ያደረገኝ ሳምንትም ነበር፤ በላዬ ላይ ስብሰባ ተያዘ። አሁን ክሊኒኩ ቀጠሮ ሲሰጠኝ እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ሁለቱንም እጽፋለሁ። አንድ ነገር ግን አታድርጉ። ድካም ለመቀነስ ብላችሁ የግል ቀጠሮው ላይ የሥራ ኢሜይላችሁን እንግዳ አድርጋችሁ አትጋብዙ። እኔ አንዴ አድርጌዋለሁ። ቀጠሮው ከነርዕሱ ወደ ሥራ ካላንደሬ ገባ። ኢሜይልም አብሮ መጣ።

ሳጥኑ ላይ አንድ ነገር አረጋግጡ፤ «ቢዚ» መሆኑን። ጉግል ላይ ቀኑን ሙሉ የሚይዝ ቀጠሮ ስትጽፉ እሱ ራሱ «ፍሪ» ብሎ ነው የሚያስቀምጠው። ፍሪ የሆነ ነገር ለሌላ ሰው እንደ ነፃ ሰዓት ነው የሚቆጠረው። ዋናው የሕክምና ቀኔ ላይ ቀኑን ሙሉ ይዤ ነበር። ፍሪ መሆኑን አላየሁም። በዚያው ቀን ከ4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት የበጀት ስብሰባ ተጠራብኝ። ማደንዘዣ ልወስድ በምሄድበት ጠዋት «ለምን አልመጣሽም» የሚል መልእክት ማንበብ አይመከርም።

ርዕሱን ምን ልበለው የሚለው ብዙ አሳስቦኝ ነበር። አንዲት ጓደኛዬ «ፊልድ ብለሽ ጻፊ፣ ማን ያጣራል» አለችኝ። አልተቀበልኳትም። እኛ መሥሪያ ቤት ማን የት እንዳለ የሚከታተል የደኅንነት ሰው አለ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢፈጠር በካላንደር ላይ ባለው ቦታ ነው የሚፈልገን። ሐሰተኛ ቦታ መጻፍ ለራስም አደጋ ነው፣ እሱንም ማስቸገር ነው። ደግሞ ውሸት ከተያዘ ሁሉም ቀጠሮ ይጠረጠራል። «ተይዟል» ወይም «የግል ጉዳይ» ውሸት አይደለም፤ ሙሉ እውነትም አይደለም። ለሥራ የሚያስፈልገውን ያህል እውነት ነው።

ባዶ ሳጥንም ቢሆን የሚናገረው ነገር አለ፤ ይህን በኋላ ነው ያስተዋልኩት። በየሳምንቱ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት «ተይዟል» የሚል ካየ፣ ሰው ይገምታል። ስለዚህ የምይዘውን ሰዓት ሰፋ አደረግኩት። ትራፊኩንም ጨምሬ ከ2 እስከ 5 እይዛለሁ። ሪፖርት ለመጻፍ ጸጥታ የምፈልግባቸውን ሰዓታትም በዚያው ቃል «ተይዟል» ብዬ መያዝ ጀመርኩ። እነሱም እውነተኛ ሥራ ናቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ አንዱ ተለይቶ አይታይም። ሪፖርቴም በሰዓቱ መድረስ ጀመረ፤ ይህን አልጠበቅኩትም።

አሁን ከራሴ ጉዳይ የባሰ ወዳልኩት ልግባ።

ያን ማታ የካላንደሬን ያለፉ ሳምንታት ወደ ኋላ እያየሁ ሳለ የራሴን ብቻ አይደለም ያገኘሁት። «ቃለ መጠይቅ» ብዬ የአመልካቹን ሙሉ ስምና ስልክ ጽፌያለሁ። ያ ሰው ያኔ ሌላ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። የእኛ ቤት ሰዎች ከዚያ ቤት ሰዎች ጋር በየሳምንቱ ይገናኛሉ። አለቃው ቢሰማስ? ሌላ ቦታ ላይ «የሥራ አፈጻጸም፣ ማስጠንቀቂያ» ብዬ የአንድ ባልደረባዬን ስም ጽፌያለሁ። እሱ ከእኔ ከመስማቱ በፊት፣ ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጠው አርባ ሰው አንብቦ ሊሆን ይችላል። አንድ ሌላ ቀን የምንረዳትን አንዲት ሴት ስምና ጉዳይ ጽፌያለሁ። የእሷን እዚህ ልጽፈው አልችልም።

የእኔ ምስጢር በእኔ ስንፍና ወጣ ልበል። የእነዚህ ሰዎች ግን? እነሱ ካላንደሬን አይተውት አያውቁም። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። አሁን የሌላ ሰው ጉዳይ ያለበትን ቀጠሮ በስም አልጽፍም። «ቃለ መጠይቅ 1»፣ «ቃለ መጠይቅ 2» እላለሁ፤ ዝርዝሩ ያለው የተቆለፈ ፋይል ውስጥ ነው። ብዙ አመልካች ባለበት ቀን ሁሉንም በአንድ ግብዣ አልጠራም፤ ተጋባዦች የእርስ በርሳቸውን ኢሜይል ያያሉና። ግብዣው ላይ «ሲ ጌስት ሊስት» የሚለውን ምልክት ማንሳትም ይቻላል።

ነገሩን ለአለቃዬ ከመናገሬ በፊት ሁለት ቀን አሰብኩ። ሕክምናዬን በሙሉ ልነግረው አልፈለግኩም። የነገርኩት ይህን ያህል ነው። «የሕክምና ክትትል ላይ ነኝ። ለጥቂት ወራት አንዳንድ ጠዋት አልገባም። ፈቃድ በደንቡ እሞላለሁ፤ ማስረጃውንም ለሰው ኃይል እሰጣለሁ። ዝርዝሩን ግን ለራሴ ላድርገው።» «እሺ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ» አለኝ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። እኔ ደግሞ የበለጠ እንዲጠይቀኝ ጠብቄ ስንት መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

ለማስረዳት ለሚቸገር ሰው የሕጉን ነገር ጠቆም ላድርግ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ የሚፈልግ ሠራተኛ የሕክምና ማስረጃ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ማስረጃው የሚሄደው ለአሠሪው ነው፤ ለቢሮው ሰው ሁሉ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ከሌላው በተለየ ጥንቃቄ ከሚያዙት ውስጥ ይመድበዋል። እኔ ሕግ ጠቅሼ አልተከራከርኩም፤ አላስፈለገኝም። ግን «ምን የሚደበቅ ነገር አለ» ለሚል ሰው መልስ እንዳለ ማወቅ ልብ ይሰጣል።

አለቃዬን አንድ ተጨማሪ ነገር ጠየቅኩት። የድርጅቱ ካላንደር ሲጀመር ሁሉም ሰው ላይ ፍሪ/ቢዚ ብቻ ሆኖ እንዲጀምር። ይህን የአይቲ ሰው ከላይ ሆኖ ለሁሉም ማድረግ ይችላል። አዲስ የሚቀጠር ሰው ካላንደሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል፤ መክፈት ከፈለገ ራሱ ይከፍታል። ለነባሮቹ ግን እያንዳንዳችን ማየት ነበረብን። አንድ ዓርብ ከሰዓት ላይ ሰብሰብ ብለን ሁላችንም ሴቲንጋችንን ከፈትን። ብዙ ሰው ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ማንም ማንንም ምን አገኘህ ብሎ አልጠየቀም።

ከአይቲው ሰው ጋር ሳወራ የተማርኩት ሌላ ነገር አለ። የሥራ አካውንት የድርጅቱ ንብረት ነው። ፕራይቬት ብንለውም፣ የሲስተሙ አስተዳዳሪ ከፈለገ መድረስ ይችላል። ሥራ የለቀቅን ቀን ደግሞ አካውንቱ ይዘጋል፤ ቀጠሯችንም አብሮ ይሄዳል። የሕክምና ክትትል ያለበት ሰው በዚህ ብቻ እንኳ የግሉን ለብቻ ቢያደርግ ይሻለዋል።

ሁሉም ቤት ጉግል አይጠቀምም። እህቴ የምትሠራበት ቤት አውትሉክ ነው። አንድ እሑድ እሷ ቤት ቡና እየተፈላ የእሷንም አየነው። እዚያ ደረጃው ትንሽ ይለያል። መያዝሽን ብቻ ማሳየት አለ። ርዕስና ቦታ ማሳየት አለ። ሁሉንም ማሳየት አለ። ከዚያ በላይ መለወጥና ውክልና አለ። እሷ ሁለተኛው ላይ ነበረች፤ ብዙ ጊዜ ምስጢሩ ያለው ደግሞ ርዕሱ ላይ ነው። ወደ መጀመሪያው አወረድነው። ውክልና የሰጠችው ሰው ፕራይቬት የሆነውን ያይ እንደሆነ የሚወስን አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ እሷንም አየናት። ማይክሮሶፍት ራሱ ፕራይቬት የሚለውን ቁልፍ ብቻ አትመኑ ይላል፤ ዝርዝሩን እንዲያይ የማትፈልጉትን ሰው መጀመሪያውኑ የማንበብ ፈቃድ አትስጡት ነው ምክሩ። እኔም በራሴ የደረስኩበት እዚያው ነው።

ከሴቲንግ ውጭ ያሉ ቀዳዳዎችም አሉ። ስብሰባ ላይ ላፕቶፔን ፕሮጀክተር ላይ ሰክቼ ሳለ የማስታወሻ መልእክት ብቅ ብሎ ያውቃል። የዚያን ቀን የወጣው «ለማዘር መድኃኒት ግዢ» ነበር፤ ሌላ ቢሆንስ ኖሮ ብዬ ደነገጥኩ። አሁን ስክሪን ከማሳየቴ በፊት የካላንደሩን ገጽ እዘጋለሁ፣ የማስታወሻ መልእክቶችንም አጠፋለሁ። ስልኬ ተቆልፎ ሳለ የቀጠሮው ርዕስ እንዳይታይም አድርጌዋለሁ፤ መርፌው ማታ 2 ሰዓት ላይ ስለሆነ ብዙ ጊዜ እራት ላይ ከሰው ጋር እያለሁ ነው የሚጮኸው። ካላንደሩን ወደ ሌላ አፕ ለማገናኘት የሚሰጥ «ሲክሬት አድሬስ» የሚባል ሊንክም አለ። ያ ሊንክ ያለው ሰው ሁሉንም ያያል። ለሰው ሰጥታችሁ ከሆነ እዚያው ሴቲንግ ውስጥ «ሪሴት» የሚል አለ፤ አሮጌው ሊንክ መሥራት ያቆማል።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር አድርጉ። ሴቲንጉን ቀይራችሁ ስትጨርሱ የምታምኑትን አንድ ባልደረባ «ካላንደሬን ክፈት፣ የምታየውን አሳየኝ» በሉት። እሱ ምን እንደሚያይ በራሳችሁ ገጽ አታውቁትም። እኔ ያን ጠዋት ረዳታችን ጋ ባልሄድ ኖሮ እስከ ዛሬ ተደብቄያለሁ ብዬ በሰላም እኖር ነበር።

የፋይናንሷን እናት ከዚያ በኋላ ሄጄ አነጋገርኳቸው። የተጻፈውን አይተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «አየሁ ልጄ። ላልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን ብቻሽን የተሸከምሽው መሰለኝና አላስችል አለኝ» አሉ። ተቆጥቼ ነበር የሄድኩት። ተቃቅፈን ተለያየን። እኛ አገር ሰው የሌላውን ጉዳይ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ስለሚያዝን ነው፤ «የት ጠፋሽ» የሚለው ውስጥ ፍቅር አለ። ቢሆንም ማን ቀድሞ እንደሚሰማ መምረጥ የእኔ መሆን ነበረበት። እናቴ ከእሳቸው በፊት መስማት ነበረባት። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ እናቴ ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት።

ነገ ማክሰኞ ነው። የግል ካላንደሬ ላይ የሚያስፈልገኝ ሁሉ ተጽፏል። የሥራው ላይ ከ2 እስከ 5 ሰዓት «ተይዟል» ይላል። ረዳታችን ከሰዓት ላለው ስብሰባ አዳራሽ ይዞልኛል፤ ለ8 ሰዓት እደርሳለሁ።